ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

አሮጌ ኮምፒዩተር በቤቱ ያለው ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ጠዋት ማብሪያውን ሲጫን ማሽኑ አንዴ «ጢጥ» ይላል፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ ሁለት ሦስት መስመር ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ፀጥ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሲተረጎም፣ «የሲሞስ መረጃ ድምሩ አልገጠመም፤ ቀንና ሰዓት አልተሞላም፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ» የሚል ነው። ባለቤቱም ይጫናል። ዊንዶውስ ይከፈታል፤ ሥራው ይሠራል፤ ማታ ይዘጋል። በማግሥቱ ያው ጢጥታ፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ኤፍ 1።

ነገሩ ሲሰነብት ስሕተት መሆኑ ይቀርና የማሽኑ ጠባይ ይሆናል። «የሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ኤፍ 1 በለውና እለፍ» ተብሎ ለልጅም ለእንግዳም ይነገራል። በመርካቶ ሱቅም ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሸዋ ሮቢትን አልፎ በምትገኘው በጀውሃም ቢሆን፣ ልማዱ አንድ ነው። ሥራው እስካልቆመ ድረስ ጽሑፉ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም።

ለመሆኑ ማሽኑ በየጠዋቱ የሚለው ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላል። ታሪኩ ግን ትንሽ ረዘም ይላል። ጥያቄው ሳይመለስ ሲቀር የሚጠፋው ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ነው።

ሰዓት ያልነበረው ማሽን

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒዩተሩን ለዓለም ያስተዋወቀው ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1981) ነበር። ዛሬ በየቤቱና በየቢሮው የምናያቸው አብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች የዚያ ማሽን የልጅ ልጆች ናቸው። ያ የመጀመሪያው ማሽን ታዲያ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጊዜን የሚቆጥርለት ሰዓት አልነበረውም። ከጠፋ ሁሉን ነገር ረሳ ማለት ነው። በመሆኑም ዶስ የተባለው ሥርዓት ሲነሣ ከባለቤቱ ጋር የሚያደርገው የመጀመሪያ ንግግር ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ይጠይቃል።

ትዕግሥተኛው ይሞላል፤ ችኩሉ ባዶውን ያሳልፈዋል። ባዶውን ላሳለፈ ሰው ማሽኑ የራሱን ቀን ይሰጠዋል፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980። ይህ ቀን እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ዶስ እያንዳንዱ ጽሑፍ የተጻፈበትን ዘመን የሚመዘግበው ከ1980 ጀምሮ ያሉትን ዓመታት በመቁጠር ነው። ለቁጥሩ የተመደበችው ቦታ ጠባብ በመሆኗ ዘመኑ በ1980 ጀምሮ በ2107 ያበቃል። ከ1980 በፊት የሚባል ጊዜ በዚያ መዝገብ ውስጥ ጨርሶ የለም። ዓለም የተፈጠረው ያን ዕለት ነው እንደማለት ነው።

በእኛ አቆጣጠር ያ ዕለት ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። አገሪቱ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጀመሪያ ዓመት እያካሄደች፣ ብዙ አባወራና እማወራ ገና ሀ ሁ የሚቆጥሩበት ወቅት ነው። አንባቢ ይህን ቀን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሃምሳ ባይት

ሦስት ዓመት እንዳለፈ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1984) አይ.ቢ.ኤም. «ኤ.ቲ.» የሚል ስም የሰጠውን አዲስ ማሽን አወጣ። በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና ለኢሠፓ ምሥረታ ስትሸላለም፣ በወሎና በትግራይ ረሃቡ ሰው ይጥል ነበር። የኮምፒዩተር ወሬ ለብዙው ሕዝብ የሌላ ዓለም ወሬ ነው። ሆኖም ዛሬ በየጠዋቱ የምናልፈው ያ ጽሑፍ የተወለደው በዚሁ ማሽን ነው።

የኤ.ቲ.ው አዲስ ነገር ሞቶሮላ የሠራት አንዲት ትንሽ ቺፕ ነበረች። ቺፗ በባትሪ ትኖራለች፤ መብራት ቢጠፋም አትተኛም። በውስጧ ያለው ቦታ 64 ባይት ብቻ ነው። 14ቱ ለሰዓቱ፣ ለቀኑና ለሰዓቱ መቆጣጠሪያ፤ የቀሩት 50 ባይቶች ደግሞ ለማሽኑ ማስታወሻ የተመደቡ ናቸው። ስንት ዲስክ አለኝ? የማስታወስ አቅሜ ስንት ነው? መስኮቴ ምን ዓይነት ነው? እነዚህን የመሰሉ ነገሮች በዚያች ሃምሳ ባይት ተጽፈው ያድራሉ። ሃምሳ ባይት ምን ያህል ናት ቢባል፣ ዛሬ በምንጠቀምበት የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሦስት ባይት ስለሚፈጅ፣ አሥራ ስድስት ፊደል ብቻ ትይዛለች። የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ ተጽፎባት ያልቃል።

ሰዓቱን የሚያስኬደው የኳርትዝ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያሉ አሥራ አምስት ጊዜ ቢከፍሉት የሚቀረው አንድ ነው፤ አንድ ሴኮንድ። በእጅ ሰዓትም በግድግዳ ሰዓትም ውስጥ ያለው ይኸው ድንጋይ ነው።

መሐንዲሶቹ አንድ ጥንቃቄ ጨመሩ። ባትሪው ቢደክምና የተጻፈው ቢበላሽ ማሽኑ በምን ያውቃል? እንደ ጥሩ ባለሱቅ ማታ ሒሳቡን ደምሮ ድምሩን በአንድ ጥግ ይጽፋል፤ ጠዋት እንደገና ይደምራል። ሁለቱ ከገጠሙ ወደ ሥራ ይሄዳል። ካልገጠሙ አንድ ሰው፣ ወይም አንድ ነገር፣ ሌሊት መዝገቡን ነክቶታል ማለት ነውና ቆሞ ባለቤቱን ይጠራል። «ድምሩ አልገጠመም» የሚለው ጽሑፍ ትርጉሙ ይህ ነው። በመጀመሪያው ኤ.ቲ. ጽሑፉ በቁጥር ነበር የሚወጣው፤ 161 የማሽኑ ማስታወሻ መጥፋቱን፣ 163 ደግሞ ቀንና ሰዓት አለመሞላቱን ይናገራሉ። ከሥራቸውም ለመቀጠል ኤፍ 1ን መጫን እንደሚቻል ይገልጻል። አርባ ዓመት ያለፈው ይህ ቃል ዛሬም አልተለወጠም።

እንግዲህ ኤፍ 1 መድኃኒት ሆኖ አልተፈጠረም። «ሰምቻለሁ፤ ለዛሬ እንለፈው» ማለት ብቻ ነው። እኛ ግን በየቀኑ «ለዛሬ» እያልን ዓመት እናስቆጥረዋለን።

ሁለት አኃዝ

ያች ቺፕ አንድ ጉድለት ይዛ ነበር የመጣችው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ዓመቱን የምትቆጥረው በሁለት አኃዝ ብቻ ነው። 1984ን «84» ትለዋለች። «19» የሚለው በሌላ ጥግ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ቺፗ ግን ራሷ አትለውጠውም። ቦብ ቤመር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ ይህ የሁለት አኃዝ ልማድ ምዕተ ዓመቱ ሲለወጥ ጣጣ እንደሚያመጣ ገና ቀደም ብሎ ቢያስጠነቅቅም ሰሚ አላገኘም። ኋላ ግን እ.ኤ.አ. 2000 ሲቃረብ ዓለም ደነገጠች። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ በመቶ ቢሊዮኖች ዶላር ይገመታል።

ያ የተፈራው ሌሊት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። አንባቢ ልብ ካለ፣ የዶስ ዘመን ከጀመረበት ከታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ልክ ሃያ ዓመት ነው። ሁለቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። ለእኛ ዓመቱም ምዕተ ዓመቱም የሚለወጥበት ቀን አልነበረም፤ የራሳችንን ሁለት ሺህ ያከበርነው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007) ነው። ማሽኖቻችን ግን የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነበርና ፍርሃቱ እኛንም ነካን።

ያን ሌሊት አውሮፕላን አልወደቀም፤ ባንክም አልተዘጋም። አሮጌ የቤት ኮምፒዩተሮች ዘንድ ግን አንድ ትንሽ አስቂኝ ነገር ታየ። ብዙዎቹ በነጋታው ሲከፈቱ ቀኑን ጃንዋሪ 4 ቀን 1980 አደረጉት። ማሽኑ 1900 ብሎ ይናገራል፤ ዶስ ደግሞ ከ1980 በፊት ያለን ዘመን አያውቅምና ግራ ተጋብቶ የራሱን ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ይይዛል። እነሆ ማሽኑ በድንጋጤ ወደ 1972 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሮጠ። ባትሪው የሞተበት ኮምፒዩተር በየጠዋቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ወደ 1980፣ አንዳንዱ ፋብሪካው ወደሞላለት ሌላ ዓመት ይመለሳል። ሁሉም ግን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።

ነገርን ከሥሩ

ወደ ሥራው እንግባ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ መጀመሪያ ጽሑፉን እንዳለ በወረቀት መገልበጥ ነው። አስተካካዩን ጠርቶ «እንግሊዝኛ ይጽፋል» ብቻ ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ያመኛል» ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው የሰዓቱ ፈተና ነው። ቀኑን አስተካክሎ ማሽኑን ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ዘግቶ መክፈት፤ ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅሎ አሳድሮ መክፈት። በመጀመሪያው ቀኑ ቆይቶ በሁለተኛው ከጠፋ ጥፋቱ የባትሪው ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በተለመደው አሠራር ኮምፒዩተር ጠፍቶም ቢሆን እስከተሰካ ድረስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ ሰዓቱ ባትሪውን አይበላም። ከተነቀለ ግን ሸክሙ ሁሉ በባትሪው ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ የአገራችን ጣጣ ይገባል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያቃጥለውን ዕቃ የሚፈራ ሁሉ ማታ ማታ ስታብላይዘሩን ያጠፋል፤ ሶኬቱንም ይነቅላል። ልክ ነው፤ ማሽኑን ከቃጠሎ ያድናል። ሰዓቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ በትንሿ ባትሪ ይኖራል። እንደ ይፋት ቆላ ባለ ሙቀት ደግሞ ባትሪ ሳይሠራም ይደክማል። ስለዚህ ኮምፒዩተርን መንቀል ጥፋት ሳይሆን ዋጋ ያለው ጥንቃቄ ነው፤ ዋጋውም ባትሪውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው።

ባትሪው ሲአር 2032 ይባላል። ስሙ ራሱ መጠኑን ይናገራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ጉልበቱ 3 ቮልት ነው። ሳንቲም የሚመስል ሲሆን ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ፣ የመኪና ቁልፍ ሪሞት የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድም ይገኛል። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ማሽኑን ከፍቶ፣ የኮምፒዩተሩን ብረት በእጅ ነክቶ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ መያዣዋን ቀስ አድርጎ ገፍቶ ማውጣት ነው። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጎ ማስገባት። አሮጌዋን ግን ሕፃን ከሚደርስበት ማራቅ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለችና ለሐኪም ፋታ የማይሰጥ አደጋ ነው።

በጣም ያረጁት፣ ማለትም ከ1980ዎቹ መጨረሻና ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሆኑት ማሽኖች ሌላ ጣጣ አላቸው። በነሱ ላይ የበርሜል ቅርጽ ያለው ባትሪ በብየዳ ተጣብቆ ይገኛል። ሲያረጅ አረንጓዴ ፈሳሽ አውጥቶ ማዘርቦርዱን ይበላል። እንዲህ ያለውን ዛሬ ነገ ሳይሉ ማስነሣት ይገባል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ባትሪው በራሷ በቺፗ ውስጥ ታሽጓልና ቺፗን መለወጥ ግድ ነው።

ባትሪው ተለውጦም ጽሑፉ ከተመለሰ? የባትሪው መያዣ ዝጎ እንደሆነ፣ ማስታወሻውን ለማጥፋት የምታገለግለው ትንሽ ማገናኛ በማጥፊያው ቦታ ቀርታ እንደሆነ ማየት ነው። ጽሑፉ ስለ ኪቦርድ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ገመዱን፤ ስለ ዲስክ የሚናገር ከሆነ ፍሎፒ ወይም ፍላሽ ተረስቶ እንደሆነ። ዲስኩ ራሱ ሊሞት መቃረቡን የሚያስጠነቅቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኤፍ 1ን ከመጫን በፊት ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ይቀድማል። ኤፍ 1ን በልማድ የሚጫን ሰው ትልቁ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የባትሪውን ጽሑፍ ሳያነብ ማለፍ የለመደ ጣት የዲስኩንም ጽሑፍ ሳያነብ ያልፋል።

መጨረሻ ላይ ወደ ማስተካከያው ገብቶ ቀኑን መሙላት ነው። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ፤ ማሽኑ ያንን እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለሚወስደው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ኢንተርኔት ሲከፈት ድረ ገጾች የምስክር ወረቀታቸው «ገና አልጀመረም» እየተባለ እንቢ ይላሉ፤ ጥፋቱም በኔትወርኩ ይላከካል። ከጠዋቱ 3 ሰዓትም ለማሽኑ 9 ሰዓት መሆኑን አለመርሳት ነው።

ቀን የሌለው ወረቀት

አንድ ሰው «ሥራዬ እስከተሠራ ቀኑ ምን ያደርግልኛል?» ቢል መልስ አለን። ማሽኑ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሲያስቀምጥ የራሱን ቀን ያትምበታል። ቀኑ 1980 ከሆነ ዛሬ የተጻፈው ማመልከቻ ከሃያ ዓመት በፊት ከተጻፈው ሥር ገብቶ ይደበቃል። ከዚህ የከፋም አለ። «አዲሱን ብቻ ቅዳ» ተብሎ የታዘዘ የመጠባበቂያ ፕሮግራም የታረመውን ጽሑፍ «አሮጌ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ያልታረመውን ይጠብቃል። ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ ቀን ዲስኩ ሲሞት ነው።

የመሬት ኪራይ ውል ወይም የብድር ደብዳቤ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 ውል ለሚያስከትለው ክስ በመርህ ደረጃ የአሥር ዓመት ይርጋ ያስቀምጣል። በሁለት ባለጉዳዮች መካከል «መቼ ተጻፈ?» የሚል ክርክር ሲነሣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቀንና በማሽኑ ውስጥ ያለው ቀን አርባ ዓመት ቢራራቁ፣ እውነት የያዘውም ሰው ላብ ያጠምቀዋል።

ይፋት ደግሞ ቀን የመጻፍን ዋጋ ከሌሎች አገሮች በላይ ልታውቅ የሚገባት ምድር ናት። በአሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት የሸዋ ሱልጣኔት ታሪክ የታወቀው ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣሊያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው አንድ አጭር የዐረብኛ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የተዋበ ትረካ የለበትም። እገሌ ነገሠ፣ እገሌ ሞተ፣ እገሌ ተሻረ እያለ ይዘረዝራል። ነገር ግን ጸሐፊው ዘመኑን በሒጅራ አቆጣጠር ይጽፍ ነበር። የይፋት ወላስማዎች እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት መውሰዳቸውን ዛሬ አፍ ሞልተን የምንናገረው ያ ስሙን የማናውቀው ሰው ቀኑን ሳይጽፍ ስላላለፈ ነው። በቤተ ክርስቲያንም በኩል የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እያሉ በብራና ጫፍ ያኖሩት ምልክት ለታሪክ ጸሐፊ ከወርቅ ይበልጣል።

የይፋት ቆላ ሰው ዛሬም በሦስት ዘመን ነው የሚኖረው። ረመዳንን በሒጅራ፣ እርሻውንና ግብሩን በኢትዮጵያ፣ ስልኩንና ኮምፒዩተሩን በፈረንጅ ይቆጥራል። ሦስቱን ሳያምታታ መኖር የለመደ ሕዝብ ማሽኑን አንዲት ቀን ማስሞላት አያቅተውም።

ነገሩን ቀላል የማያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ሲገፋ ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ በመሥመሩ ላይ ነበሩ። ሰው ሲሸሽ ልጁን ይይዛል፣ ስንቁን ይይዛል፤ ኮምፒዩተር አይሸከምም። እንዲህ ያለ ጊዜ ያለፈበት አገር ከወረቀት የቀረው ጥቂት ነው። በአንድ ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ የተረፈ አሮጌ ማሽን የአንድ ዕድር መዝገብ፣ የአንድ ሟች ፎቶግራፍ፣ የአንድ ቤተሰብ ደብዳቤ ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ነገ አንድ ተመራማሪ፣ ወይም የልጅ ልጅ፣ ያን ሲከፍት ሁሉም ነገር በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ተጽፎ ቢያገኘው ምን ይላል? ሠርጉ ከለቅሶው በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ፎቶግራፉ የተነሣው ከስደቱ በፊት ነው ወይስ ከተመለሱ ወዲህ? ፎቶግራፉ ተርፎ ታሪኩ ጠፋ ማለት ይህ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አሮጌው ኮምፒዩተር ግን በሽታውን አልደበቀም፤ በየጠዋቱ ቆሞ ይናገራል። የምንደብቀው እኛ ነን፤ በአንድ ጣት። ባትሪዋን እስክንለውጥ እንኳ አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። ኤፍ 1ን ከመጫን ይልቅ ወደ ማስተካከያው ገብቶ የዛሬን ቀን መሙላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በጽሑፉ ራስጌም ቀኑን በእጅ መጻፍ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑንም አብሮ መለየት ነው። አባቶቻችን በብራና ጫፍ ያደርጉት የነበረውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።